ከእስር ቤት አመለጥኩ ብሎ መጽሐፍ የጻፈን ሰው ምን ያህል እንመነው?

ሰላም ለቤቱ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስለ ፓፒዮን (በፈረንሳይኛ ቢራቢሮ ማለት ነው፣ የሄንሪ ሻርዬር ቅጽል ስምም የመጽሐፉ ርዕስም ነው) ተከራክረን መስማማት ስላቃተን ነው እዚህ ያመጣሁት። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እሱ ላይ እንዳንጨቃጨቅ። ሄንሪ ሻርዬር በ1931 ፓሪስ ላይ በሰው ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1933 በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ጉያና ተላከ፣ ይሄ መዝገብ ላይ ያለ ነው። ማምለጡም እውነት ነው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከሁለት እስረኞች ጋር ከሆስፒታል ጠፍቶ በጀልባ ትሪኒዳድ ደርሷል፣ ኮሎምቢያ ላይ ተይዞ ተመልሷል። ኋላ ደግሞ ቬኔዝዌላ ገብቶ በ1945 ተፈትቶ እዛው ዜጋ ሆኖ ኖሯል። መጽሐፉ በ1969 ሲወጣ ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፣ ከዛ መቆፈር ተጀመረ። በ1970 ጄራር ደ ቪሊዬ የሚባለው ጸሐፊ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣበት፣ ብዙው ጀብዱ የሌሎች እስረኞች ታሪክ ነው ብሎ። ሻርዬር ራሱም ሰባ አምስት ፐርሰንቱ እውነት ነው ብሎ ነበር።

እኔን የከነከነኝ ሃያ አምስቱ ፐርሰንት አይደለም። ሰውየው ምንም ያልደረሰበት አጭበርባሪ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፣ ግን ታስሯል፣ አምልጧል፣ ፍዳውን በልቷል። ታዲያ የራሱ ታሪክ ምን አነሰው? የኔ አቋም ሌላ ሰው ሊያመሳክረው የማይችለውን የማምለጥ ታሪክ እንደ ልቦለድ ነው ማንበብ ያለብን የሚል ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ይሄ ጭካኔ ነው ይለኛል። እናንተስ?

ክሩ ስለረዘመ አዲስ ለምትገቡ ሰዎች የተባለውን በየቁጥሩ እዚሁ ስር አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል ቆርጬ አልለጠፍኩም፣ በራሴ አባባል ነው፣ አልፎ አልፎም የራሴን ጣል አድርጌያለሁ።

መልስ 1 የሰጡን አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በጣም በጨዋነት። የአማርኛውን ትርጉም ተማሪ እያሉ ተራ እየተጠበቀ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው ያነበቡት፣ ገጾቹ ተገንጥለው መሃሉ ላይ የጎደለውን ቀድሞ ያነበበ ልጅ በቃሉ እየነገራቸው። በሳቸው ሚዛን ሰባ አምስት ፐርሰንት ብዙ ነው፣ ሰው የትናንት ምሳውን እንኳን በትክክል አያስታውስም፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ተቀምጦ የጻፈን ሰው ይሄን ያህል ማስጨነቅ ደግ አይደለም አሉ። መልስ 2 ከሳቸው ጋር ተስማምቶ ወደ ፊልሙ ሄደ፣ የ1973ቱን፣ ስቲቭ ማክዊን የሠራውን፣ አዲሱ የ2017ቱ ውኃ ነው አለ።

መልስ 3 ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁላችንም የሰይጣን ደሴት የሰይጣን ደሴት እንላለን እንጂ የጉያናው እስር ቤት ደሴቶች ሦስት ናቸው፣ ሮያል፣ ቅዱስ ዮሴፍ፣ እና ትንሿ የሰይጣን ደሴት። ትንሿ የፖለቲካ እስረኛ ብቻ ነበር የሚገባባት፣ የፈረንሳዩ መኮንን ድሬፉስ ከ1895 እስከ 1899 የተቀመጠባት እሷ ናት፣ እንደ ሻርዬር ያለ ተራ ወንጀለኛ እዛ አይላክም ነበር። በኮኮናት ጆንያ ላይ ተንሳፍፌ አመለጥኩ ያለው ደግሞ ከዛች ደሴት ነው፣ ስለዚህ የመጽሐፉ ዋና ትዕይንት ቆሞ የሚታመንበት መሬት የለውም። ግን ይሄው ሰው ወዲያው ሚዛኑን አስተካከለው፦ የቅዱስ ዮሴፍ ጨለማ ቤት እውነት ነው። ክፍሎቹ በጣሪያ ፋንታ ከላይ የብረት ፍርግርግ ነበር ያላቸው፣ ጠባቂው ፍርግርጉ ላይ በተሠራ መተላለፊያ እየሄደ ቁልቁል ያያል፣ እስረኛው ድምፅ ማሰማት አይፈቀድለትም። እስረኞቹ ሰው በላው ይሉት ነበር። ፍርስራሹ ዛሬም አለ፣ ቱሪስት ይገባበታል።

መልስ 4 ላይ ክሩ ወደ ኮኮናት ዞረ። ጠያቂው ከልቡ ነው፣ ሁለት ጆንያ ኮኮናት ሰው ይሸከማል ወይ? መጽሐፉ ላይ ሻርዬር ማዕበሉን እየቆጠረ፣ ሰባተኛው ከሁሉ እንደሚበልጥ አይቶ፣ በሱ ላይ ነው ከገደሉ የዘለለው። መልስ 5 የደረቀ ኮኮናት መንሳፈፉ የታወቀ ነው፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሌላ አገር ዳርቻ ላይ የሚበቅለው በዚሁ ነው አለ፣ መንሳፈፍና ሻርክ ባለበት ባሕር ላይ ሰው ይዞ ዋናው መሬት መድረስ ግን ሁለት ነገር ነው። ከዚህ በኋላ የጆንያው ሒሳብ ላይ አራት አምስት ሰው ተረባረበበት፣ እሱን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 10 ተቆጣ። ዋይፋይ ያለበት ቤት ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ ጨለማ ቤት ዓመታት የገፋን ሰው ዳኛ ትሆናላችሁ ወይ ነው ነገሩ፣ ከዚህ የባሰም ቃል ነበረበት፣ አድሚኑ አንስቶታል። እኔ መልስ ሳልሰጥ መልስ 11 ቀደመኝና ጥሩ አድርጎ መለሰ። እሱ እንደሚለው ዳኝነቱ ለሻርዬር ሳይሆን ታሪካቸው ለተወሰደባቸው ነው። በ2005 ፓሪስ አካባቢ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የ104 ዓመት ሽማግሌ፣ ሻርል ብሩኒዬ፣ እውነተኛው ፓፒዮን እኔ ነኝ ብለው ወጡ፣ ክንዳቸው ላይ የቢራቢሮ ንቅሳት አለ፣ ጉያናም ታስረዋል። እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ ሌላ ነገር ነው፣ ግን እዚያ ሺዎች ነበሩ፣ ያንዱ ጀብዱ በሌላው ስም ሲሸጥ ባለቤቱ ሳንቲም አላየም። አያይዞም ሬኔ ቤልብኖዋን አነሳ፣ ከዛው እስር ቤት በ1935 ያመለጠውን። ይሄ ሰው የጻፈውን ወረቀት ውኃ በማያስገባ ጨርቅ ጠቅልሎ ባሕሩንም ጫካውንም አሻግሮ አሜሪካ አስገብቶ በ1938 አሳተመው። እዛው ሆኖ ያኔውኑ የጻፈው ነው፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ያስታወሰው አይደለም። ታዲያ ፓፒዮንን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቤልብኖዋን ያውቀዋል? አያውቀውም። ይቺን ነጥብ ወድጃታለሁ፣ ምክንያቱም አንደኛው መልስ ላይ የማስታወስ ችግር ነው የተባለውን የምትነካ ናት፣ ሰውየው የረሳውን አይደለም የጨመረው፣ ያልሆነውን ነው።

መልስ 12 አንድ ትንፋሽ የማይወስድ ረጅም ጽሑፍ ስለ ፖላንዳዊው ስላቮሚር ራቪች አመጣ። በ1956 የወጣ መጽሐፍ ነው፣ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ነው የጻፈለት። በ1941 ከሳይቤሪያ የእስረኞች ካምፕ ከስድስት ሰዎች ጋር ሆኖ አምልጦ፣ ሞንጎሊያን፣ የጎቢን በረሃ፣ ቲቤትን፣ ሂማላያን በእግሩ አቋርጦ ህንድ ገባሁ ይላል፣ ወደ 6,500 ኪሎ ሜትር። ጎቢ ላይ አሥር ቀን አልፎ ውኃ ሳያገኙ ተጉዘዋል፣ ሂማላያ ላይ ደግሞ ከሰው የሚገዝፉ ጸጉራም ፍጡሮች ቆመው አይተዋል። መልስ 13 በ2010 የወጣውን ፊልም አይታ አልቅሳለች፣ ውሸት ነው እንዳትሉኝ አለች። ይቅርታ እህቴ፣ መልስ 14 አላት። በ2006 ቢቢሲ ሬድዮ ሰነዶቹን አገኘ፣ ከነዚህ ውስጥ በራቪች በራሱ የተጻፈ አለበት፣ ለፖላንዳውያን በወጣው ምህረት በ1942 ተፈትቶ በካስፒያን ባሕር በኩል ወደ ኢራን የስደተኞች ካምፕ እንደተጓጓዘ የሚያሳይ። ራቪች ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2004 ነው የሞተው፣ እስከ መጨረሻው ቃሉን አላጠፈም።

እዚህ ላይ የኔ ጥያቄ እንደገና ይመጣል። ሰውየው በሶቪየት እስር ቤት ማቅቋል፣ ካምፕ ተልኳል፣ ሰነዶቹ ይሄን አይክዱም። ምህረት ደርሶት በመርከብ መውጣቱ ግን ጀብዱ አይሆንም አይደል፣ ማን ያትመዋል? በቃ በር ተከፍቶለት የወጣ ሰው መጽሐፍ አይሸጥም።

መልስ 15 በጸጉራሞቹ ፍጡሮች ቀለደ፣ ሂማላያ ላይ ትራንስፖርት ቢጠፋባቸው ነው ምናምን እያለ፣ ስድስት ሰው በሳቅ ምልክት ተከተለው። መልስ 16 ክፉኛ ተናደደ፣ ካምፖቹ ውስጥ በእውነት በብርድና በረሃብ ያለቁ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ላይ ነው የምትስቁት አለ። መልስ 17 ሁለቱን ለማስታረቅ ገባና ጭራሽ ራሱ ተሰደበ። መልስ 18 ላይ ብቻ ቁም ነገር አለ፣ በ2009 ቪቶልድ ግሊንስኪ የተባለ ሌላ ፖላንዳዊ ያ ጉዞ የኔ ነው ብሎ መውጣቱን፣ እሱንም ሌሎች የዘመኑ ሰዎች እንዳልተቀበሉት።

ከዛ ጥሩው ክፍል መጣ። መልስ 19 ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ልጅ ነው፣ እስቲ እውነተኛውን እንየው አለ። ቲም ጄንኪን፣ ስቴፈን ሊ እና አሌክስ ሙምባሪስ፣ አፓርታይድን ይታገል የነበረው የኤኤንሲ ድርጅት ሰዎች፣ ታኅሣሥ 1979 ከፕሪቶሪያ እስር ቤት የወጡት በእንጨት ቁልፍ ነው። ጄንኪን ጠባቂው ወገቡ ላይ ያንጠለጠለውን ቁልፍ በዓይኑ እየለካ፣ ከእስር ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል በሚያወጣው ቁራጭ ጥርስ በጥርስ ይቀርጻል፣ ማታ ማታ በራሱ በር ላይ ይሞክራል፣ የማይገጥመውን ይሞርዳል። አሥር በር ነበር ከፊታቸው። ልጁ ያለው ነገር እዚህ ጋር ደስ ይላል፣ የመጨረሻው በር በቁልፍ እምቢ አላቸው። በመሮ ፈልፍለው ሰብረው ነው የወጡት። ፈጥሮ የሚጽፍ ሰው ያን ሁሉ የቁልፍ ቀረጻ ካወራ በኋላ የመጨረሻውን በር አያበላሽም ነበር ነው የልጁ ክርክር። በዚህ ላይ ሦስቱም በየፊናቸው ተጠይቀዋል፣ የአፓርታይድ መንግሥትም መዝገብ አለው።

መልስ 20 በክርክሩ አልተስማማም፣ ብልጥ ውሸታም እንዲህ ያለ እንከን ሆን ብሎ ይጨምራል ባይ ነው። እሱስ ልክ ነው፣ ለዚህ ነው እኔ ከትረካው ጣዕም ይልቅ ማመሳከሪያውን የምፈልገው።

መልስ 21 ደግሞ ከሁሉ የገረመኝን አመጣ፣ ፌሊቼ ቤኑዚ። በጣሊያን ወረራ ዘመን አገራችን ውስጥ የቅኝ አስተዳደሩ ሠራተኛ የነበረ ነው፣ በ1941 እንግሊዞች ማርከው ናንዩኪ፣ ኬንያ፣ ካምፕ 354 አስገቡት። ከካምፑ የኬንያ ተራራ ይታያል። ሰውየው በጥር 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አምልጦ ተራራውን ወጣ፣ ከዛ ተመልሶ ካምፑ ውስጥ ገባ! መሸሽ አልፈለገም፣ መውጣት ነው የፈለገው። ካርታ አልነበራቸውም፣ አንዱ መመሪያቸው የቆርቆሮ ሥጋ ላይ የተለጠፈ የተራራው ሥዕል ነበር። በረዶ የሚነክሰውን የጫማ ብረትና መቆፈሪያውን እዛው ካምፕ ውስጥ ከተገኘው ብረታ ብረት ቀጥቅጠው ሠሩት። ዋናውን ጫፍ አልቻሉትም፣ ሌናና የሚባለው ላይ፣ ወደ 4,985 ሜትር፣ የጣሊያን ባንዲራ ተክለው ወረዱ። ሃያ ስምንት ቀን ቅጣት ተፈረደባቸው፣ አዛዡ ስፖርተኝነታቸውን አድንቆ ወደ ሰባት ቀነሰላቸው። ማመሳከሪያው ደግሞ ባንዲራው ነው፣ ሌሎች ተራራ ወጪዎች ሄደው አገኙት።

እዚህ ላይ ነው ቤቱ የተቀጣጠለው። መልስ 22 በጣም ጠንካራ ነበር፣ ሙሉ በሙሉ አልወቅሰውም። የኛን ሰው ሊገዛ የመጣ ሹም ታስሮ ሽርሽር ወጥቶ ሰባት ቀን ተቀጣ ብላችሁ ታጨበጭባላችሁ፣ የሱ መንግሥት ኖኩራና ደናኔ ላይ ያጎራቸው ኢትዮጵያውያን ለሽርሽር ወጥተው ነበር ወይ አለ። መልስ 23 ከርዕስ አትውጣ አለው። መልስ 24 ግን ርዕሱማ ይሄ ነው ብላ ገባች፣ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ የሷን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ደናኔ ሶማሊያ ውስጥ ሞቃዲሾ አጠገብ ነው፣ ከየካቲት 1937 እልቂት በኋላ ብዙ ሰው ከነቤተሰቡ ተግዞ የገባበት። ሚካኤል ተሰማ የሚባሉ እዛ የታሰሩ ሰው ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለጣሊያን የጦር ወንጀል ባሰባሰበው ሰነድ ላይ በቃለ መሐላ መስክረዋል፣ 6,500 ሰው ገብቶ 3,175 ሞተ ብለው፣ የሞቱበትን ምክንያት ጭምር፣ ምግቡን፣ ውኃውን፣ ወባውን። ማምለጥ የለበትም፣ ማዕበል የለበትም፣ ተራራ የለበትም። ፊልም የሠራለትም የለም። አንዱ ታሪክ መጽሐፍ ሆኖ በየቋንቋው የዞረው ሌላው ፋይል ውስጥ የቀረው በእውነትነቱ ማነስ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

መልስ 25 ለዚህ የሚሆን ነገር ከኛው አገር አለ ብሎ የክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁን ትዝታ አነሳ፣ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣሊያን አገር ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች ላይ እስከ 1943 ታስረው ነበርና። መልስ 26 ፒዲኤፍ ያለው ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። መልስ 27 መጽሐፍ ይገዛል ወንድሜ። መልስ 28 ስንት ብር ነው? እንዲህ እያለ እስከ መልስ 31 ሄደ።

መልስ 32 አንደኛው ላይ የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተመልሰው መጡ፣ አሁን ግን ትንሽ ጠንከር ብለው። በደርግ ጊዜ እሳቸውም ታስረዋል፣ የት እንደሆነ አልነገሩንም። የኛ ሰው የእስር ትዝታ ላይ በገመድ ግንብ ወረድኩ የሚል ጀብዱ ብዙም አታገኙም አሉ፣ ምክንያቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው አብረው የታሰሩት በሕይወት አሉ፣ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፣ ቢዋሽ ሰኞ ጠዋት ስልክ ይደወልለታል። ውሸቱ ያለው ያልተጻፈው ላይ ነው። ማን ተመትቶ ማንን ጠቆመ፣ ማን ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር፣ የኢሕአፓው ሲጽፍ መኢሶን ጀመረ ይላል፣ የመኢሶኑ ሲጽፍ ኢሕአፓ ጀመረ ይላል፣ ሁለቱም ስለራሱ ወገን ጥይት አንድ ገጽ አይጽፍም። መልስ 33 እና 34 ወዲያው ማን ነው የጀመረው ወደሚለው ገቡ፣ በሃምሳ ዓመት ያላለቀ ክርክር እዚህ ያልቅ ይመስል። አድሚኑ ሁለቱንም አጠፋቸው፣ ደግ አደረገ።

የሳቸው ነጥብ ግን የኔን አቋም ጥሩ አድርጎ ይፈትነዋል። ማመሳከሪያ የጨመረውን ይይዝልሃል፣ የተወውን አይይዝልህም።

መልስ 35 የሰሜን ኮሪያውን ሺን ዶንግ ህዩክን አመጣ። በ2012 በወጣው መጽሐፍ ላይ ካምፕ 14 ተወልጄ እዛው አድጌ አመለጥኩ ብሎ ነበር፣ በ2015 መጀመሪያ ላይ ግን አንዳንዱን አስተካከለ፣ ካምፕ 18 የሚባል ሌላ ቦታ መኖሩን፣ በ13 ዓመቴ ተደረገብኝ ያለው ግርፋት በ20 ዓመቱ መሆኑን። ሰውነቱ ላይ ያለው ጠባሳ ግን ያው ነው። ሰሜን ኮሪያ ወዲያው ያዘችው፣ አያችሁ ሁሉም ውሸት ነው አለች። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን በ2014 ሪፖርቱ በአደባባይ ብቻ ከ80 በላይ፣ በዝግ ደግሞ ከ240 በላይ ሰዎችን ሰምቶ ነው የጻፈው፣ አንድ ሰው ቢጎድል የሚፈርስ ነገር አይደለም። ግን ጋዜጣ ላይ የወጣው የሱ ፊት ነው። መልስ 36 ታዲያ ለምን ቀድሞ እውነቱን አልተናገረም ብሎ ጨከነበት፣ መልስ 37 ደግሞ ተሰቃይቶ የወጣ ሰው ዕድሜውንና ቦታውን እያምታታ መናገሩ ያለ ነው አለ፣ እኔ እዚህ ላይ ከ37 ጋር ነኝ።

ከዛ መልስ 38 መጣችና ክሩ ሌላ መልክ ያዘ። አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ለአሳይለም (ለጥገኝነት) ኬዝ ታስተረጉማለች። ሻርዬር ሰባ አምስት ፐርሰንት ብሎ ይስቃል፣ እኔ የማስተረጉምለት ሰው ግን ዘጠና ዘጠኝ ቢሆንም አንዷ ልታስከለክለው ትችላለች አለች። ከ2005 ጀምሮ ያለው ሪል አይዲ የሚባለው ሕግ ዳኛው ከዋናው ጉዳይ ጋር በማይገናኝ ትንሽ መጣረስም አላመንኩህም እንዲል ይፈቅድለታል። መጣረሱ ደግሞ ስንቴ ከራሱ ከካላንደሩ ነው የሚመጣው። ምሳሌዋ ይሄ ነው፦ አንድ ሰው ኅዳር 2006 በኛ ታስሮ በዚያው 2006 የካቲት ላይ አመለጠ እንበል። ኅዳሩ በፈረንጅ 2013 ነው፣ የካቲቱ 2014 ነው። ፎርም የሚሞላለት ዘመድ ግን ዝም ብሎ ሁለቱም ላይ ስምንት ይደምራል፣ ኅዳሩ 2014 ይሆናል፣ በቃ ሰውየው ከመታሰሩ ዘጠኝ ወር በፊት ያመለጠ ሰው ሆኖ ኢንተርቪው ይገባል። ሰዓቱም እንደዛው፣ ሌሊት 8 ሰዓት መጥተው ወሰዱኝ ይላል፣ ወረቀቱ ላይ የማታ 8 ተብሎ ይጻፋል፣ በኋላ ተኝቼ ነበር ሲል በምሽት 8 ሰዓት? ይባላል።

መልስ 39 በዚህ የተጎዳ ሰው ነው፣ የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጻፈም፣ እኔም አልጠይቀውም። የሊቢያውን ቆይታ አንዴ በወር አንዴ በበዓል እየቆጠረ ተናግሮ፣ ሁለቱ ስላልገጠሙ ዓመታት ባከኑበት። መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት የከረመ ሰው ቀን በምን ይቆጥራል ብሎ ጠየቀ፣ የሚመልስለት አልነበረም። መልስ 40 ሻርዬር መጽሐፍ ጽፎ በ1970 ምህረት ተደረገለት፣ አንተ ደግሞ በአንዲት ወር ተከለከልክ፣ ይሄ ነው ዓለም አለ። መልስ 41 ማወዳደሩን አልወደደውም፣ አንዱ ችሎት ነው አንዱ መጽሐፍ ነው፣ የሻርዬርን መጽሐፍ አምኖ ወረቀት የሰጠው የለም ባይ ነው። መልስ 42 እና 43 ላይ አሁንም እየተጨቃጨቁ ነው።

መልስ 44 ታዲያ ምን እናድርግ ብሎ ተርጓሚዋን ጠየቃት፣ መልስ 45 የሷ ነው፣ ኬዝ ያላችሁ ብታነቡት ይጠቅማችኋል። ራሳችሁ አትቀይሩት፣ ቀኑንም ሰዓቱንም በኛው ተናገሩ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብላችሁ በድምፅ አስመዝግቡ፣ ተርጓሚው እዛው ይቀይረው። ቀኑን የማታውቁት ከሆነ ከጥምቀት በኋላ፣ ጾም ሳይገባ በሉ እንጂ የማታውቁትን ቁጥር አትፍጠሩ። ቀድሞ የገባውን ፎርም ደግሞ ከኢንተርቪው በፊት ከጠበቃ ጋር ቁጭ ብላችሁ መስመር በመስመር እዩት።

ከመልስ 46 ጀምሮ ጨዋታው ወደ ልደት ቀን ሄዷል፣ አባትም እናትም አምስት ልጅም ጃንዋሪ 1 የተወለዱበት ቤተሰብ አለ አሉ፣ ኬክ በአንድ ይገላገላሉ። የማስተርጎም ጥያቄ ያላችሁ ለብቻው ክር ክፈቱላት፣ እዚህ እየተቀበረባት ነው።